25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ ይከዳኛል

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሯጭ ነኝ፣ 24 ዓመቴ። ትዕግሥቴ አልቋል። ሰንዳፋ ረጅም ሩጫ ስንወጣ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ነው። የቡድን ጓደኞቼ «ዛሬ ስንተኛው ዛፍ ነው?» እያሉ ይስቃሉ። አሰልጣኜ «ሰበብ ነው» ይለኛል። በሶ ተውኩ። ወተት ተውኩ። በዋዜማው ሽሮ አልነካም። አሜባ ነው ተብዬ ሁለቴ መድኃኒት ዋጥኩ። ምንም ለውጥ የለም! ለጉልበቴ ሕመም ጠዋት በባዶ ሆዴ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ኪኒን ወስጄ ነው የምወጣው፤ እሱ እንኳን ተስማምቶኛል። አንዳንዴ በማግስቱ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ ከምግብ ይሆናል። ያ ሳቃቸው ግን አንገበገበኝ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ማራቶኔ ነው። ልቅርበት?

ከሰንዳፋ መንገድ

ልጄ፣

ዛፉን ተዪው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሬንጁ ነው። «ከምግብ ይሆናል» ብለሽ አለፍሽው! የብረት ኪኒን የማትወስጂ ከሆነ፣ እንዲህ የጠቆረ ሰገራ ከጨጓራ አካባቢ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዳይክሎፌናኩንም እንዳትደብቂው። ካዞረሽ ወይም አቅም ካነሰሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ጠንክረሽ ስትሮጪ ደሙ ወደ እግርሽ ይሄዳል፤ ለሆድ የሚደርሰው እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። አንቺ ደግሞ ደም ባጣ ሆድ ላይ የጨጓራን ግድግዳ የሚጎዳ ኪኒን ትጨምሪበታለሽ። ተስማምቶኛል ትያለሽ እንዴ? ምስኪን በሶ፣ ያለ ጥፋቱ ተባረረ።

ኪኒኑ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ያለ ኪኒን የማይሮጥ ጉልበት ሐኪም እንጂ አስፋልት አያስፈልገውም። በዚህ አልደራደርም።

አሰልጣኝሽን ግን ተናድጄበታለሁ። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ በ2005 እ.ኤ.አ. የለንደን ማራቶን ላይ፣ ዓለም በቴሌቪዥን እያያት፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ተጸዳድታ ተነሣች። በ2:17:42 ገብታ አሸነፈች። እስቲ እሷንም «ሰበብ ነው» ይበላት!

ማራቶኑን ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ተዪው። አውቃለሁ፣ ያማል። ስትድኚ በረጅም ሩጫ ላይ የምትጠጪውን በጥቂት በጥቂቱ ልመጂ፤ ሆድም እንደ እግር ይሠለጥናል።

ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ። ስለ ሳቃቸው ያኔ እናወራለን።