ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስ፦ ጠይቁኝ

ስለ ሁለቱ የሚኒያፖሊስ ልጆች፣ ዘፈን ደራሲና ፕሮዲውሰር (የዘፈን ቀረጻ መሪ) ስለሆኑት ጃምና ሉዊስ፣ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። የአሜሪካ ዘፈኖች ደረጃ በሚወጣበት በቢልቦርድ ሆት 100 አናት ላይ 16 ዘፈን ያደረሱ ሰዎች ናቸው፤ ወሬ አያልቅባቸውም። የኔ ነገር ግን የስቱዲዮ ሥራቸው ነው፣ እሱን ከጠየቃችሁኝ እስኪበቃችሁ አወራለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ «ይሄን ዘፈን እነሱ ናቸው የደረሱት» ከማለታችሁ በፊት የአልበሙን ሽፋን አንብቡ። ደራሲው ሌላ፣ ፕሮዲውሰሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሰማንያዎቹ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዘፋኙ ፕሪንስ ያባረራቸው በበረዶ ምክንያት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ከበረዶው በፊት ይጀምራል። ፕሪንስ በ1981 «ዘ ታይም»ን ሲያቋቁም የተነሳው እነሱ ከሚጫወቱበት «ፍላይት ታይም» ከሚባለው ባንድ ነው፤ ሞሪስ ዴይን ዘፋኝ አደረገው። መድረክ ላይ ያ ባንድ እሳት ነበር። አልበሞቹ ላይ ግን አብዛኛውን መሣሪያ የተጫወተው ፕሪንስ ራሱ ነው። የራሳቸው ዘፈን የሞላቸው ሁለት ወጣቶች እዚያ ምን ቦታ አላቸው? ጎን ለጎን ለሌሎች መሥራት ጀመሩ። በ1983 አትላንታ ላይ ከኤስ.ኦ.ኤስ. ባንድ ጋር ሲቀዱ በረዶ ጣለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፣ የሳን አንቶኒዮው ኮንሰርት አመለጣቸው። የዚያን ማታ የባንዱ አባል ጄሮም ቤንተን ባስ ጊታር አንግቶ የሉዊስ ቦታ ላይ ቆመ፤ ባሱን ግን ከመድረክ ጀርባ ሆኖ የሚጫወተው ፕሪንስ ነበር። መጀመሪያ በገንዘብ ተቀጡ፣ ቆይቶም ተባረሩ።

ሥርዓት ይከበር፦ ቅጣቱ ተገቢ ነው። ኮንሰርት እያለብህ ሌላ ከተማ ሄደህ ለሌላ ሰው አትሠራም።

ባስ ወዳጅ፦ የዕረፍት ቀናቸው ላይ ቢሠሩስ? በረዶውን እነሱ አላዘነቡት!

ሥርዓት ይከበር፦ አለቃ ቢኖርህ ትረዳኝ ነበር።

መልስ፦ ይሄን ክርክር ለብቻችሁ ጨርሱት። የሙዚቃ ጥያቄ ያለው ይቀጥል።

ባስ ወዳጅ፦ እሺ ጋሼ። ለዚያው ለኤስ.ኦ.ኤስ. ባንድ የሠሩት «ጀስት ቢ ጉድ ቱ ሚ» ላይ ከበሮው ለምን እንደዚያ ይከብዳል?

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። የሮላንድ ቲአር-808 ከበሮ ማሽን ነው። በ1980 ወጣ፣ በ1983 ማምረቱ ቆመ፣ በጠቅላላው ወደ 12,000 ገደማ ነው የተሠራው። ድምፁ ከእውነተኛ ከበሮ የተቀዳ አይደለም፣ ሰርኪዩቱ ራሱ ነው የሚፈጥረው፤ ከበሮ አይመስልም ብለው የናቁትም ብዙ ነበሩ። ጃምና ሉዊስ ያንን አለመምሰሉን ወደዱት። ኪኩን፣ ወፍራሙን የከበሮ ምት፣ ልብ ብለህ ስማ፦ ተመትቶ አይቆምም፣ እየተጎተተ ከታች ያለውን ቦታ በሙሉ ይይዛል። ኪክ እንዲህ ሲረዝም ሌላው መሣሪያ መንገድ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ዘፈኑ አይቸኩልም፣ ኪቦርዱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀሉ የባንዱ ዘፋኝ የሜሪ ዴቪስ ድምፅ ነው፤ ማንም አይጋፋትም። ዛሬ ብዙ ቢት ሠሪዎች 808 ላይ ባስ ይደርባሉ፣ ባሱ ላይ ሌላ ኪክ ይደርባሉ፣ ከዚያ ሚክሱ (የድምፆቹ ቅልቅል) ጭቃ ሆነብኝ ብለው ይመጣሉ። መጀመሪያ ቦታ ስጡት!

እንግዳ፦ ሀብታቸው ስንት ይደርሳል?

መልስ፦ የሰው ኪስ አልቆጥርም።

ዲጄው፦ የጆርጅ ማይክልን «መንኪ» የጻፉለት እነሱ ናቸው አይደል?

መልስ፦ አልጻፉለትም! የደረሰው ጆርጅ ማይክል ራሱ ነው። እነሱ ሪሚክስ አደረጉት (የተቀዳውን እንደ አዲስ አቀናበሩት)፣ በ1988 አንደኛ የሆነውም በዚያ ሪሚክስ ነው። የአሸር «ዩ ሪማይንድ ሚ»ም እንዲሁ፦ ፕሮዲውሰሮቹ እነሱ፣ ደራሲዎቹ ሌሎች። ሽፋኑን አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ግጥም አፍቃሪ፦ ጋሼ፣ ጃኔት ጃክሰን እነሱ በሠሩላት «ኮንትሮል» አልበም ላይ ግጥም አብራ ጽፋለች የሚባለው እውነት ነው ወይስ ለስም ያህል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። እውነት ነው፤ አሠራሩን ካወቅሽም ትርጉሙ ይገባሻል። ጃኔት በ1985 ሚኒያፖሊስ ስትመጣ 19 ዓመቷ ነው። ሁለት አልበም አውጥታለች፣ በሁለቱም ሌሎች ያዘጋጁላትን ነው የዘፈነችው፤ ሥራዋን የሚመራው አባቷ ነበር። ጃምና ሉዊስ ስቱዲዮ አላስገቧትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዘዋት ይዞራሉ፣ ያወራሉ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ፈረሰው ትዳሯ፣ ምን መሆን እንደምትፈልግ ይጠይቋታል። እሷ ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው እያለች ትጠብቃለች። ከዚያ ግጥም ያሳዩዋታል፤ ስታነበው ያወሩት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የምትናገረው ሁሉ ዘፈን ሊሆን እንደሚችል የገባት ያኔ ነው። «ናስቲ»ን ውሰጂ፦ ካረፈችበት ሆቴል ደጅ ወንዶች ለከፏት፤ አላለቀሰችም፣ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ዘፈኑ ይኸው ነው። ሙዚቃው ደግሞ ኢንሶኒክ ሚራዥ በሚባል ናሙና መቅጃ ኪቦርድ ላይ የተሠራ ነው፤ በጊዜው ከነበሩት መሰሎቹ ርካሽ የነበረ፣ ድምፁ ሻካራ። ሻካራው ድምፅ ለቁጣዋ ልክ ሆነ። ድምፅዋ ቀጭን ነው የሚሏት አሉ። እነሱ ደግሞ እንድትጮህ አላስገደዷትም፤ የራሷን ድምፅ በራሷ ድምፅ ላይ ደራርበው በኅብረት አቆሙት። በ1986 ወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ ፕሮዲውሰሮች ተብለው ግራሚ ወሰዱ። ሚስጥሩ ማሽኑ አይደለም። ዘፋኙን አስቀድመው ሰሙ።

አዲስ ገቢ፦ ኮንትሮል ላይ ፕሪንስ የቱን ዘፈን ነው የሠራው?

መልስ፦ አንዱንም። ሽፋኑን አንብብ።

የቤቢፌስ ወዳጅ፦ ከአክብሮት ጋር ጋሼ፣ በባላድ (በዝግታ የፍቅር ዘፈን) ግን ደራሲና ፕሮዲውሰሩ ቤቢፌስ ይበልጣቸዋል። በ1994 ለድምፃውያኑ ቡድን ለቦይዝ ቱ ሜን የሰጣቸው «አይል ሜክ ላቭ ቱ ዩ» 14 ሳምንት አንደኛ ነበር።

ዲጄው፦ ከአንደኝነት ያወረደውስ? የራሳቸው የቦይዝ ቱ ሜን «ኦን ቤንድድ ኒ»፣ የጃምና ሉዊስ ሥራ!

የቤቢፌስ ወዳጅ፦ እሱ የቆየው ስድስት ሳምንት ነው።

ዲጄው፦ ሳምንት ቆጥረህ ዘፈን ትመዝናለህ?

መልስ፦ ረጋ በሉ። ከኤልቪስና ከቢትልስ ቀጥሎ ራሱን ከአንደኝነት ያወረደ ቡድን ቦይዝ ቱ ሜን ነው፣ ክብሩ የነሱም ነው። ፍርዴን ከፈለጋችሁ፦ ቤቢፌስ ዜማውን ይዞ ወደ ዘፋኙ ይሄዳል፣ እነዚህ ከዘፋኙ ተነስተው ወደ ዜማው ይሄዳሉ። ሁለቱም ያዋጣል፤ እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፦ የጃኔት «ሪዝም ኔሽን» ዘፈን ላፕቶፕ ያጠፋ ነበር የሚባለውስ ተረት ነው?

መልስ፦ ተረት አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን በ2022 ጽፎታል። ዘፈኑ ውስጥ ያለ አንድ ድምፅ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚዞሩ የጥንት ሃርድ ዲስኮች የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ይገጥም ነበር፤ ቪዲዮው ሲከፈት አጠገቡ ያለው ላፕቶፕ ሳይቀር ይቆማል። ከዚህ ይልቅ ስለ ዘፈኑ ብትጠይቀኝ ደስ ይለኛል፦ የጊታሩ ቁራጭ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ከሚባለው ባንድ ዘፈን የተወሰደ ነው። አልበሙ በ1989 ወጥቶ ሰባት ነጠላ ዘፈን ከአምስተኛ ደረጃ በላይ አስገባ። «ብላክ ካት»ን ግን ጃኔት ብቻዋን ነው የደረሰችው፣ ለነሱ እንዳትሰጡባት።

ጀማሪ፦ ጋሼ እንደነሱ ለመሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም። የቸገረህን አንድ ነገር ነጥለህ ጠይቅ።

ጀማሪ፦ ይቅርታ። ከጓደኛዬ ጋር ነው የምንሠራው። ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ የማመጣው፣ ድርሻ ላይ መነታረክ ጀምረናል።

መልስ፦ እንዲህ ስትል እንነጋገራለን። ጃም የኪቦርድ ሰው ነው፣ አባቱም ኮርንብሬድ ሃሪስ የሚባል የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ሉዊስ ባሲስት ነው፣ ግጥሙና ድምፅ ማስቀዳቱ በአብዛኛው ወደ እሱ ያደላል። በአንዱ ዘፈን አንዱ ብዙ ይሠራል፣ በሌላው ሌላው። ገና ሲጀምሩ ግን 50 በ50 ብለው ተጨባበጡ፣ ውል የለም፣ ከዚያ ወዲህ አልቆጠሩም። የሚቆጥር ሰው የጓደኛውን ጥሩ ሐሳብ ይገፋል፣ የራሱ ቁጥር እንዳይቀንስ። እናንተ ግን በወረቀት አድርጉት፤ እኩል ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ፣ ዛሬውኑ፣ ዘፈኑ ሳይወጣ።

የሰማንያዎቹ ልጅ፦ በስማቸው አልበም ሳያወጡ መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

መልስ፦ አውጥተዋል፣ በ2021። በሰማንያዎቹ ለራሳቸው አልበም ካዘጋጇቸው ውስጥ «ዋት ሃቭ ዩ ደን ፎር ሚ ሌትሊ» ነበር፣ ለ«ኮንትሮል» አንድ ዘፈን ሲጎድል ለጃኔት ሰጧት። አልበሙ ከዚያ ወዲያ ከ35 ዓመት በላይ ዘገየ። ሲወጣ ከዘፈኑበት አንዱ ቤቢፌስ ነው፤ ከላይ የተጣላችሁት ሁለታችሁ እሱን አብራችሁ ስሙ።

አዲስ ገቢ፦ ከየት ልጀምር ጋሼ?

መልስ፦ «ጀስት ቢ ጉድ ቱ ሚ»፣ ቀጥሎ «ናስቲ»፣ ቀጥሎ በ1986 ለእንግሊዞቹ ሂዩማን ሊግ የሠሩት «ሂዩማን»። በጆሮ ማዳመጫ ስማ፣ በስልክ ስፒከር ኪኩ አይሰማህም።