ከታሪኩ የትኛውን ቅጽበት ትመርጣላችሁ?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ቅርጻ ቅርጽ ለምትማሩት ነው። ዕድሜዬን ከጭቃ፣ ከሰምና ከነሐስ ጋር ነው ያሳለፍኩት። ሥራችሁን ሳይ እጃችሁ ጎበዝ ነው። የሚያሳስበኝ ችኮላችሁ ነው። ታሪኩን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ጭቃ ማቡካት ትጀምራላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1401 በጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ ውስጥ ለጥምቀት ቤቱ የነሐስ በር ውድድር ወጣ። ርዕሱ ለሁሉም አንድ ነበር፦ አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲል። ከተወዳዳሪዎቹ የሁለቱ፣ የጊቤርቲና የብሩኔሌስኪ፣ የነሐስ ሰሌዳዎች ዛሬም እዚያው ከተማ ባርጄሎ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ፎቷቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በብሩኔሌስኪ ሰሌዳ ላይ ቢላው አንገት ደርሷል፤ መልአኩ የአብርሃምን እጅ ለቀም አድርጎ ይዟል። በጊቤርቲ ላይ ግን ቢላው ገና አልነካም። መልአኩም ገና እየመጣ ነው። ይስሐቅ እርቃኑን ተንበርክኮ ቀና ብሏል። እኔ የጊቤርቲን እመርጣለሁ። የሚያየው ሰው ፍርሃቱ ውስጥ ይቆያል፤ ማንም ገና አላዳነውም። ጊቤርቲ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር፤ አሸነፈ። አብዛኛውን ሰሌዳ በአንድ ላይ አቅልጦ በማፍሰሱ ነሐሱም ቀለል ብሎ ነበር። ይህም ሳይጠቅመው አልቀረም።

በ1425 ጊቤርቲ ለዚያው ጥምቀት ቤት ሌላ በር እንዲሠራ ታዘዘ። ሊቁ ሌዎናርዶ ብሩኒ 20 ታሪኮችና 8 ነቢያት ይሁኑበት ብሎ ነበር። ጊቤርቲ ግን በመጨረሻ 10 ትልልቅ ሰሌዳዎች ብቻ ሠራ። 27 ዓመት ፈጀበት። የያዕቆብና የዔሳውን ሰሌዳ ደጋግማችሁ እዩት። ከፊት ዔሳው ውሾቹን አስከትሎ አባቱ ፊት ቆሟል። በስተቀኝ ያዕቆብ ተንበርክኮ ምርቃቱን ይቀበላል፤ ርብቃ አጠገቡ ናት። ከኋላ፣ ቅስቱ ሥር፣ ብኩርናው በምስር ወጥ ይሸጣል። የፊተኞቹ ከሰሌዳው ወጥተው ሊራመዱ የደረሱ ይመስላሉ። የሩቆቹ በጥፍር የተጫሩ ያህል ስስ ናቸው። ዓይናችሁ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ወደ ቀደመው ታሪክ ትሄዳላችሁ።

የመጨረሻው ሰሌዳ የኛዋ ንግሥተ ሳባ ናት። የኛ ሠዓሊዎች ታሪኳን በብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩታል። በጣም እወደዋለሁ። ጊቤርቲ ግን ያን ሁሉ ትቶ አንድ ቅጽበት ብቻ ወሰደ፦ ንግሥቲቱና ሰሎሞን በሕዝብ መሐል እጅ ለእጅ ሲያያዙ። ብዙ አጥኚዎች ሰሌዳውን በ1439 ፍሎረንስ ላይ ከተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጉባኤ ጋር ያያይዙታል። በ1441 የኛም መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ለዚያው ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተዋል።

እስቲ የምታውቁትን አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ውሰዱ። ጭቃ ሳትነኩ፣ ውስጡ ያሉትን ቅጽበቶች በሙሉ በወረቀት ጻፉ። ከዚያ አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ ለምን እሱን እንዳስቀራችሁም ለጓደኛችሁ አስረዱ። ፍሎረንስ የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ ደግሞ፣ ጥምቀት ቤቱ ላይ ያለው በር ቅጂ ነውና እሱን አይታችሁ አትመለሱ። ዋናው እዚያው አቅራቢያ፣ የካቴድራሉ ሙዚየም ውስጥ ነው።