የሠራተኛዬን ደመወዝ ከአስራቴ ላይ ብጨምር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እኔ ባንክ እሠራለሁ። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ በየወሩ ትንሽ ዶላር ይልክልናል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶላር ከጨመረ ወዲህ እኛ አልተጎዳንም፤ እንዲያውም መኪና ገዛን። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ላይ ግን አንዲት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ትኖራለች። በፊት ኑሯችን እኩል ነበር። አሁን ሥጋ የሚገባላቸው ለበዓል ብቻ እንደሆነ ልጇ ለልጄ ነግራታለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ የምለው ይጠፋኛል። ባለቤቴ «አምስት ጣት እኩል አይደለም፤ ጌታም ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ብሏል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። እውነት ይህ ልዩነት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው? ሀብትስ ኃጢአት ነው? ሌላው፣ ሠራተኛችን ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሆናት። በወር 4,000 ብር እንከፍላታለን። ኑሮ ተወደደ፣ ጨምሩልኝ ብላለች። ከአስራቴ ላይ ቀንሼ ብጨምርላት እንደ ምጽዋት ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። እስክንደርስበት ግን ከባለቤትሽ ተረት ልጀምር።

አምስት ጣት እኩል አይደለም፤ እውነት ነው። ብቻ ይህን ተረት አዘውትሬ የምሰማው ከረጅሙ ጣት ነው። እስቲ ማዕድ ላይ እጅሽን እዪው። እንጀራው ሲቆረስ፣ ወጡ ሲጠቀለል ረጅሙም አጭሩም ይሰበሰባል። በአንድ ጣት ጉርሻ አይጎረስም። ትንሿ ጣት በቢላ የተቆረጠች ቀንም ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው ሰውየው ራሱ ነው። ተረቱ እኩል አይደሉም አለ እንጂ አንዷ ትድማ፣ ሌላዋ ምን ቸገራት አላለም።

«ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለውም ግማሹ ላይ የተቆረጠ ጥቅስ ነው። ጌታ ይህን ሲል የሚሰሙት ሰዎች ኦሪትን ያውቃሉ። ዘዳግም 15፥11 ላይ ድሃ ከምድርህ አይጠፋም ካለ በኋላ ነጥብ አያደርግም። ስለዚህ ለድሃ ወንድምህ እጅህን ክፈት ብዬ አዝዝሃለሁ ብሎ ይቀጥላል። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ትእዛዙን ጣልነው። «ላለው ይጨመርለታል» እያሉ የሚቀልዱም አሉ። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው፤ ስለ መክሊት የተነገረውን ስለ መሬት ካርታ ያደረጉት ናቸው።

አሁን ልዩነቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይ ላልሽው። የምትኖሩበትን ሕንፃ ብቻ እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ወር አንቺ የጨመርሽው ሥራ የለም። አስተማሪዋም ያጠፋችው ጥፋት የለም። ወንድምሽ 200 ዶላር ይልክ ከነበረ፣ ያው 200 ዶላር በብር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። የእሷ ደመወዝ በኋላ ቢጨመርም ገበያው ቀድሞት ሄዷል። ይህ ሰዎች በወረቀት ላይ የወሰኑት ነው። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን የኢኮኖሚ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ የምለው፣ ሰው የወሰነውን በእግዚአብሔር ስም አናሳብብ ነው።

ነገሩ ትናንት የተጀመረም አይደለም። አገራችን ለዓመታት በፍጥነት አድጋለች። በመንግሥት ጥናት ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተመስገን ያሰኛል። ግን የዓለም ባንክ የኑሮ ልዩነትን የሚለካበት ቁጥር፣ ሲጨምር ልዩነቱ ሰፋ የሚባልበት ማለት ነው፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ 30 ገደማ የነበረው በ2008 ዓ.ም. 35 ደረሰ። ድሃው ቀነሰ፣ ክፍተቱ ሰፋ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በሩ ነው። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ከቤት ቤት ዞሬያለሁ። ውሻ ነክሶኛል፤ ጠባሳው ዛሬም ግራ ባቴ ላይ አለ። የሀብታሙም የድሃውም አጥር እሾህ ነበር፤ ድምፄ ሁለቱም ቤት ይገባል። አንዱ ቁራሽ ይሰጠኛል፣ አንዱ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይሸኘኛል። መልስ ሳይሰጥ የሚቀር ግን አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ጥበቃው መታወቂያዬን ያዘ። ሊፍቱ የሚንቀሳቀሰው በካርድ ነው። 11ኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ስቆም ጸጥ ያለ ነገር፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት። እዚህ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብል ማን ይሰማኛል ብዬ አሰብኩ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር እንኳ የመኳንንቱ ግቢና የሎሌው ጎጆ ተጠጋግቶ ነበር። ፍትሕ ነበረ ማለቴ አይደለም፤ ጭቆናውም እዚያው ነበር። ቢያንስ ግን ይተያዩ ነበር።

ወደ ባለጠጋው ነዌና ወደ ድሃው አልዓዛር ታሪክ የምመጣው ለዚህ ነው። በሉቃስ 16 ነዌ ሰረቀ አይልም። ገደለም አይልም። አልዓዛርን ከደጁ አላባረረውም። እሱ በየቀኑ ሲደሰት ያኛው በሩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በቃ። ሲዖል ወርዶ «አልዓዛርን ላክልኝ» ሲል ጊዜ ስሙን ድሮም ያውቀው እንደነበር ታወቀበት። የሚገርመው፣ ነዌ የምንለው እኛ በትውፊት ነው እንጂ ወንጌሉ የሀብታሙን ስም አልጻፈም። የጻፈው የድሃውን ነው።

ሀብት ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አልዓዛር ማን እቅፍ ነው ያረፈው? አብርሃም እቅፍ። አብርሃም በከብት፣ በብርና በወርቅ እጅግ የበለጸገ ነበር፤ ዘፍጥረት 13 ላይ ተጽፏል። ግን በቀትር ፀሐይ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ ሮጦ ይቀበላል። ሁለቱም ባለጠጎች ናቸው። ሁለቱም ደጅ አላቸው። አንደኛው ደጁ ላይ ምን እንደሚያደርግ አየሽ። ቅዳሴውን የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት ቂሣርያ ላይ ረሃብ ሲገባ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስተምሯል። ያንቺ ነው ግን ስጪው አላለም፤ የእሱ ነው አለ።

እዚህ ላይ እኛንም ልውቀስ። ለሕንፃ ማሠሪያ ገቢ ስናሰባስብ ሚሊዮን የሰጠውን በማይክራፎን ስሙን እንጠራለን፣ እልል እናስብላለን። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ ነው ያያት፤ እኛ ዓይናችን ሌላ ቦታ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅማ ስንት ነን?

አሁን ወደ ሠራተኛሽ። አይቆጠርልሽም፤ ቁርጡን ልንገርሽ። ምጽዋት ከራስሽ ላይ ቆርሰሽ የምትሰጪው ነው። ደመወዝ ግን ከመጀመሪያውም ያንቺ አይደለም። ኦሪት የምንደኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ያዕቆብ 5፥4 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል፤ ይህን የጻፈው ደግሞ ለአማኞች ነው። መጽሐፈ ሲራክ ይብሳል፤ የሠራተኛን ዋጋ የሚያስቀር ደም እንደሚያፈስ ነው ይላል። ዕዳን ከአስራት ላይ መክፈል ማለት የእግዚአብሔርን ከእግዚአብሔር ወስዶ መስጠት ነው።

እኛ እኮ ተስማምተን ነው የቀጠርናት ትይኝ ይሆናል። የዛሬ ሁለት ዓመት የተስማማችሁበት 4,000 ብር የገዛውን ዛሬ አይገዛም። ባለበት ማቆም በየወሩ መቀነስ ነው። ባንክ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ይህን አንቺ ለእኔ ብታስረጂኝ ነበር የሚያምረው። በቀን ሲካፈል 133 ብር ነው። ካፌ ገብተሽ ማኪያቶና ኬክ ያዘዝሽ ቀን ሒሳቡን አስታውሺ። ምግብና ማደሪያ አላት? ደግ፣ ቁጠሪው። ግን ማደሪያዋ የት ነው? ኩሽና ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ እናንተ ቴሌቪዥኑን እስክታጠፉ ጠብቃ ከሆነ የምትተኛው፣ እሱንም ቁጠሪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ ወለል አልቆረጠም። የቤት ሠራተኛንም እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አልያዛትም። ስለዚህ በዚህ አዋጅ ጭማሪ የሚፈርድላት ዳኛ የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ። የዕረፍት ቀን ስጫት። አስራትሽን አትንኪ። ጭማሪው ከመኪናው ይውጣ።

ስለ ጎረቤትሽም አንድ ነገር ልበል። አስተማሪዋ ብር አልጠየቀችሽም፤ በፖስታ ይዘሽ አትሂጂባት። ለመጪው በዓል ደረጃችሁ ላይ ቅርጫ አዘጋጁ። የእሷን ድርሻ ግማሹን አንቺ በጓዳ ቻዪ፤ መዋጮ የሚሰበስበው ሰው ብቻ ይወቅ። ቅርጫ ደስ የሚለው መደቡ እኩል መመደቡና ዕጣ መጣሉ ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ ሥጋው ላይ አይታይም። ደረጃ ላይ ስትገናኙም የምትይው አይጠፋሽም፤ የበሬው ዋጋ ብቻ የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው።

ጭማሪውን ስትነግሪያት ባለቤትሽም ይኑር። በጸሎት አስባችኋለሁ። ያንቺን የክርስትና ስም ጽፈሽልኛል፣ የባለቤትሽንም፣ የልጅሽንም። እሷን ግን «ሠራተኛችን» ብቻ ነው ያልሽኝ። ጠይቂያትና ላኪልኝ።