የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባሕር ላይ የተሰነጠቁት የጦርነት ዘመን ጭነት መርከቦች

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በሚገኝ ወርክሾፕ የጀልባ ላሜራ እበይዳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ትልልቅ የጭነት መርከቦችን በአራት ቀን ሠርተው ባሕር ላይ ያወርዱ እንደነበር፣ አንዳንዶቹም በጉዞ ላይ ሳሉ ለሁለት እንደተሰነጠቁ ሰማሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጥፋቱን በበያጆቹ ላይ ያላክካሉ። እውነት ነው ወይ? መርከቦቹስ መጨረሻቸው ምን ሆነ? (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሰሙት ወሬ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ የአራት ቀኑ ታሪክ የአንዲት መርከብ ብቻ ነው። ሊበርቲ የተባሉት እነዚህ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 በአሜሪካ ከ2,700 በላይ ተሠርተዋል። የንድፉ መነሻ እንግሊዛዊ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን ያለ ፋታ ያሰጥሙ ስለነበር፣ የተፈለገው ያማረ ሳይሆን ቶሎ የሚደርስ መርከብ ነበር። ስለዚህ ተርባይን የሚባሉት ዘመናዊ የእንፋሎት ሞተሮች ለጦር መርከቦች እንዲቀሩ ተደርጎ፣ ለእነዚህ በዚያን ጊዜ እንኳ ዘመኑ አልፎበታል ይባል የነበረው የእንፋሎት ሞተር ተገጠመላቸው፤ ጉልበቱ 2,500 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነታቸውም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ርዝመታቸው 134 ሜትር ያህል ሲሆን 10,000 ቶን አካባቢ ይሸከማሉ። ጭነት የሞላች ሊበርቲ ከውኃው በታች 8 ሜትር ተኩል ያህል ትሰምጣለች፤ የጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ15 ሜትር ብዙም ስለማያልፍ፣ በሐይቃችን ሰፊ ክፍል ሆዷ ደለሉን ይነካ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሊበርቲ፣ ፓትሪክ ሄንሪ፣ ባልቲሞር ላይ መስከረም 27 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ወደ ውኃ ስትወርድ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ንግግር አድርገዋል፤ እርሷን ሠርቶ ለመጨረስ ስምንት ወር ያህል ፈጅቷል። ከጊዜ በኋላ ግን አማካዩ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ወረደ። ምሥጢሩ የመርከቧን ትልልቅ ክፍሎች ሌላ ቦታ በይዶ አዘጋጅቶ፣ በመጨረሻ በክሬን እያነሱ መገጣጠም ነው። ሪቬት (ላሜራዎችን የሚያያይዝ የብረት ችንካር) መምታት ብዙ ሰውና ብዙ ልምድ ሲጠይቅ፣ ብየዳን ግን ከዚያ በፊት ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶች፣ በአጭር ጊዜ ተማሩት። አራት ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ገደማ የፈጀችው ሮበርት ኢ. ፒሪ በኅዳር 1942 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራች ስትሆን፣ ሥራው አስቀድሞ ተሰናድቶ ለስም የተደረገ ነበርና እንደ ልማድ አይቆጠርም። የሚገርመው ግን ይህችው በጥድፊያ የተሠራች መርከብ ጦርነቱን አልፋ እስከ 1963 ድረስ መዝለቋ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ስንጥቁ እውነት ነው። ጆን ፒ. ጌይንስ የተባለችው ሊበርቲ በ1943 መጨረሻ ከአላስካ ወጣ ባለ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ለሁለት ተከፍላ ሰዎች ሞተዋል። መጀመሪያ ላይ ጣት የተቀሰረው በብየዳው ላይ ነበር፤ ጉድለት ያለባቸው ብየዳዎች መኖራቸውም አይካድም። ሆኖም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ኮንስታንስ ቲፐር ዋናው ድካም ከብረቱ መሆኑን አሳየች፦ በዚያን ጊዜ የቀረበው ብረት ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ መተጣጠፉን ትቶ እንደ መስታወት በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ላሜራዎቹ በሪቬት በተያያዙበት መርከብ ስንጥቁ የአንዱ ላሜራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሊቆም ይችላል፤ ሁሉም በተበየደበት አካል ግን የሚያግደው ነገር ሳያገኝ ይነጉዳል። ብዙ ጊዜ መነሻው የጭነት ክፍሉ አፍ አራት ማዕዘን ነበር፤ ሹል ማዕዘን ጫናውን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻልና። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ተጠናከሩ፣ ስንጥቅ የሚያቆም ማሰሪያ ብረትም በሪቬት ተጨመረ። የጣና ውኃ እንዲህ ስለማይቀዘቅዝ ብርዱ እርስዎን አያሳስብዎትም፤ የማዕዘኑ ነገር ግን ለጀልባም ይሠራልና ላሜራ ሲቆርጡ ጥጉን ክብ ማድረግ ይበጃል። ባልደረቦችዎም በያጆቹን ሊምሯቸው ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ለግል ባለቤቶች ተሸጡ፤ በተለይ የግሪክ ባለመርከቦች እነርሱን ገዝተው የንግድ መርከቦቻቸውን መልሰው አቋቋሙ። ያልተሸጡት በአሜሪካ ወንዞችና ወሽመጦች ተደርድረው ለዓመታት ቆሙ፣ ኋላም አብዛኞቹ ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ሄዱ፤ አንዳንዶቹም ሆን ተብለው ሰጥመው የዓሣ መጠለያ ሆነዋል። በራሳቸው ሞተር መጓዝ የቻሉ ሆነው የተረፉት ሁለት ናቸው፦ ጆን ደብሊው. ብራውን በባልቲሞር፣ ጀረማያ ኦብራየን ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ። በ1944 የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር በፈረንሳይ ጠረፍ ለወረደበት ለኖርማንዲ ዘመቻ ጭነት ያመላለሰችው ኦብራየን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆማ ከቆየች በኋላ በ1979 ቦይለሯ እንደገና ተለኩሶ በራሷ ጉልበት ወጥታለች፤ በ1994ም ለዘመቻው 50ኛ ዓመት ወደ ኖርማንዲ ተመልሳለች። ሦስተኛዋ በግሪክ ፒሬየስ ወደብ ሙዚየም ሆና ትገኛለች።