«መስመርዎ አይችልም» ለተባሉት አባላችን፦ እኔ አሥራ አንድ ወር የፈጀብኝ መልስ

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስልክዎ ያለ እንከን ይሠራል፤ ብሮድባንድ (በዚያው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ፈጣን ኢንተርኔት) ይግባልኝ ብለው ካመለከቱ አራት ወር አልፏል፤ መጀመሪያ «ይቻላል» ብለው ክፍያ ተቀበሉ፣ ኋላ «መስመርዎ አይችልም» አሉ፤ ግድግዳ የሚጋራዎት ጎረቤት ግን ይጠቀማል። የስልክ መስመሩ በሙሉ የአንድ ኩባንያ በሆነበት ቦታ አቅራቢ ብቀይር ይሻለኛል ወይ ብለዋል። መልሴ አይሻልዎትም ነው፤ መስመሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ፈጽሞ አይቀይሩ። ነገሩን በሰፊው የምጽፈው እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ነው። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኢንተርኔት የሚሸጥልዎት ድርጅትና የመዳብ ሽቦው ባለቤት ሁለት የተለያዩ አካላት ሊሆኑ ይችላሉ። ሻጮቹ አሥር ቢሆኑም ከስልክ ጣቢያው ተነስቶ ቤትዎ የሚገባው ጥንድ ሽቦ ያው አንዱ ነው። ሻጭ ሲቀይሩ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ይለወጣል፤ ምናልባት ጣቢያው ውስጥ የተተከለው መሣሪያም ይለወጥ ይሆናል። ሽቦው፣ መገጣጠሚያው፣ ርቀቱና ብልሽቱ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። እኔ ይህ ሳይገባኝ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በየጊዜው ወረፋው ከመጀመሪያ ተቆጠረ፤ በየጊዜውም የደረስኩት እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር።

ከሁሉ ያቃጠለኝ መመላለሱ ነው። የመስመሩ ባለቤት ዘንድ ስደውል «እኛ የምንነጋገረው ከአቅራቢዎ ጋር ብቻ ነው» ይሉኛል። አቅራቢዬ ደግሞ «መስመሩ የእኛ አይደለም፣ ጥያቄዎን አስተላልፈናል» ይለኛል። ቴክኒሺያን ይመጣል ተብሎ ሙሉ ቀን ከሥራ ቀርቼ በር በሩን ሳይ ዋልኩ፤ ማንም አልመጣም። በማግስቱ ስጠይቅ መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ደንበኛው ቤት አልተገኘም» የሚል ነበር። ያን ቀን ከነበረብኝ ንዴት ይልቅ የሚታወሰኝ አቅም የማጣት ስሜቱ ነው። ገንዘብ የምከፍለው ድርጅት በሽቦው ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣን ያለው ደግሞ እኔን ደንበኛው አድርጎ አይቆጥረኝም።

ኋላ ሦስት ቴክኒሺያኖች ተራ በተራ መጡ። ሦስቱም ስልኩን አንስተው አዳመጡ፣ «መስመሩ ንጹሕ ነው» ብለው ፈርመው ሄዱ። ስልክዎ መሥራቱ የሚያረጋግጠው ግን እጅግ ትንሽ ነገር ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ለማለፍ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ድረስ ያለው የሞገድ ስፋት ይበቃዋል። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል የሚባለው የብሮድባንድ ቴክኖሎጂ በዚያው ሽቦ ላይ እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል፤ ተከታዩ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል 2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ። ድምፅን ጥርት አድርጎ የሚያሳልፍ ሽቦ ይህን ከፍተኛ ሞገድ ሙሉ በሙሉ ሊያፍን ይችላል። በረጃጅም መስመሮች ላይ ድምፅ እንዳይደክም ተብለው በድሮ ጊዜ የተጨመሩ ጥቅልሎች አሉ፤ ለስልክ ይጠቅማሉ፣ ብሮድባንድን ግን ይዘጋሉ። ስለዚህ «ስልኩ ይሠራል» ብሎ ፋይል የሚዘጋ ቴክኒሺያን ከመጣብዎ አይፈርሙለት፤ የብሮድባንድ መለኪያውን ሰክቶ እንዲለካ ይጠይቁት።

የእኔን ችግር ያገኘው አራተኛው ነው። በዕድሜ የገፋ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቤት ከመግባቱ በፊት ውጭ ያለውን ሣጥን ከፈተና «መስመሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለኝ። ለካ ከዓመታት በፊት ጎረቤት ስልክ ሲያስገባ በኬብሉ ውስጥ ትርፍ ጥንድ ሽቦ አልነበረም። ኩባንያው አዲስ ኬብል ከመዘርጋት ይልቅ የእኔን ጥንድ ለሁለት ቤት የሚያካፍል መሣሪያ ሰቀለ። ስልክ ለሁለታችንም ደህና ይሠራል፤ ብሮድባንድ ግን በዚያ መሣሪያ ውስጥ አያልፍም። ይህ መረጃ የመስመሩ ባለቤት መዝገብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። አሥር ወር ሙሉ የጠየቅኳቸው ሰዎች አንዳቸውም ገልጠው አላዩትም።

ምልክቱ ከመጀመሪያው ዓይኔ ሥር እንደነበር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስልክ ደውሎ የሚገናኝ ሞደም ነበረኝ። 56 ኪሎ ቢት ይደርሳል ተብሎ የተሸጠው ሞደም ከ33 አልፎ አያውቅም ነበር። 56 የሚደርሰው በጣቢያውና በቤቱ መካከል ምልክቱ ወደ ዲጂታል ተጨማሪ ጊዜ ካልተለወጠ ነው፤ የሚያካፍለው መሣሪያ ደግሞ ያንኑ ለውጥ ይጨምራል። እርስዎም እንዲህ ያለ የቆየ ትዝታ ካለዎት ይጻፉልን፤ ብዙ ይናገራል። የጎረቤትዎ መስመር መሥራቱም ከዚህ ጋር አይጋጭም። ግድግዳ ብትጋሩም ሽቦዎቻችሁ በተለያየ ሣጥን አልፈው ሊመጡ ይችላሉ፤ ወይም የእርሱ ጥንድ ለብቻው፣ የእርስዎ የተካፈለ ሊሆን ይችላል።

በስልክ መጨቃጨቁን ትቼ ደብዳቤ ስጽፍ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። አንድ ዓይነት ደብዳቤ በአንድ ቀን ለአቅራቢዬና ለመስመሩ ባለቤት ላክሁ፤ ግልባጩን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አደረግሁ። ብሶቴን አላተትኩበትም። ጥያቄዎቹ ጥቂት ነበሩ፦ ይህ ጥንድ ሽቦ ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ተካፍሏል? በላዩ ላይ የድምፅ ማጎልበቻ ጥቅልል አለ? የተለካው ርዝመት ስንት ነው? በዚያው ኬብል ውስጥ ነጻ ጥንድ አለ? «አይችልም» የሚል ሰው እነዚህን ሲጠየቅ ምክንያቱን መጻፍ ይገደዳል፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ደግሞ መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። በሦስተኛው ሳምንት በኬብሉ ውስጥ ነጻ የሆነ ጥንድ ተገኝቶ መስመሬ ወደዚያ ተዛወረ። የእያንዳንዱን ጥሪ ቀን፣ ሰዓትና የቅሬታ ቁጥር በደብተር ይዤ ነበር። ያ «ቤት አልተገኘም» የሚለው መዝገብ የተሰረዘልኝም በዚያ ደብተር ነው።

ከገባ በኋላም ቅር ተሰኝቻለሁ። የተሸጠልኝ «እስከ 8 ሜጋ ቢት» ነበር፤ ያገኘሁት 2 ገደማ ነው። ይህ የማንም ተንኮል አልነበረም፣ ርቀት ነው። ሞደሙ ገጽ ላይ የምልክት መዳከም የሚል ቁጥር ያገኛሉ። በግማሽ ሚሊ ሜትር ሽቦ 1 ኪሎ ሜትር በግምት 14 ዴሲቤል (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይወስዳል። የእኔ 57 ነበር፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በካርታ ላይ ጣቢያው ከቤቴ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይርቅም፤ ኬብሉ ግን መንገድ ተከትሎ ይጠማዘዛል። ከዚያው አጠገብ የምልክትና የጫጫታ ልዩነት የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች እየወረደ ከሆነ መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል። እዚህ ላይ በእጅዎ ያለ ነገር አለ፦ የቤት ውስጥ ማራዘሚያዎችን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን መስመሩ በሚገባበት የመጀመሪያው ሶኬት ላይ ይሰኩና ቁጥሮቹን እንደገና ያንብቡ። የእኔ ልዩነት በዚህ ብቻ ተሻሻለ፤ ማታ ማታ ይቆራረጥ የነበረውም ቆመ።

መንግሥታት ይህን ችግር አይተውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነባር የስልክ ኩባንያዎች ሽቦዎቻቸውን ለተወዳዳሪ እንዲያከራዩ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው ደንብ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለ። ብሪታንያ በ2006 የመስመሩን ሥራ በነባሩ ኩባንያ ውስጥ ኦፕንሪች ለተባለ የተለየ ክፍል አሰጠች፤ ኒውዚላንድ በ2011 የመስመሩን ባለቤት ቾረስን ከቸርቻሪው ሙሉ በሙሉ ለይታ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገችው። እኔ የኒውዚላንዱን መንገድ እደግፋለሁ። ሽቦ የያዘ ኩባንያ ራሱም ኢንተርኔት የሚሸጥ ከሆነ የተወዳዳሪውን ደንበኛ ለማስቀደም ምን ያተጋዋል? ሆኖም ሽቦ ማከራየት የሻጮችን ቁጥር ያበዛል እንጂ የጠጋኞችን አያበዛም። ሣጥኑን የሚከፍተው ያው የመስመሩ ባለቤት ሠራተኛ ነው። በአገርዎ ያለው ተቆጣጣሪ ለመስመር ጥገናና ለዝውውር የጊዜ ገደብ አስቀምጦ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ፤ ካለ የአንቀጹን ቁጥር ደብዳቤዎ ላይ ይጥቀሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን በተለይ አደራ እላለሁ። መቀየር የግድ ከሆነብዎ የድሮውን ውል አስቀድመው አያቋርጡ። ውሉ ቢቋረጥም በመስመሩ መዝገብ ላይ የቀድሞው አቅራቢ ስም ሳይነሳ ከቀረ አዲሱ ማዘዝ አይችልም። በብሪታንያ ይህ ብዙ ሰው አስለቅሶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2007 አቅራቢዎች የማዘዋወሪያ ኮድ (ደንበኛው ለአዲሱ አቅራቢ የሚሰጠው ቁጥር) እንዲሰጡ ግዴታ ሆነባቸው። ሌላው አደጋ ጣቢያው ውስጥ ያለው ፖርት፣ ማለትም የእርስዎ ሽቦ ከብሮድባንድ መሣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የፖርቶቹ ቁጥር ውስን ነው፤ እርስዎ የለቀቁትን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይወስደዋል፤ እርስዎም ከመጨረሻው ይሰለፋሉ። የእኔ ሁለተኛ ዝውውር ተጨማሪ ሁለት ወር የፈጀው በዚህ ነው። «ያለ ማቋረጥ ይዛወርልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለጊዜው ደብዳቤውን ይላኩ። «አይችልም» ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ሲያገኙ እዚህ ያስፍሩት፤ የጎረቤትዎን ሞደም ቁጥሮች ማግኘት ከቻሉም አብረው ይጻፉ፣ ሁለቱን አስተያይተን ችግሩ ከየት ላይ እንደሆነ ለመለየት እንሞክራለን።