መርከብ ስላለበት የካናዳ ዶላር፦ እባክሽ አትወልውዪው

እህቴ፣ «አባቴ ካስቀመጣቸው ሳንቲሞች መሐል መርከብ ያለበት የ2010 የካናዳ አንድ ዶላር አገኘሁ። ስንት ያወጣል? ከመሸጤ በፊት ላጽዳው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይሄንኑ ሳንቲም ደግሞ በገዛ እጄ አበላሽቼ አውቃለሁ።

የዋጋውን ነገር ባጭሩ ልንገርሽ። ያንቺ ወርቃማ ከሆነና ጠርዙ 11 ጎን ካለው ሰው ሁሉ የሚገበያይበት ሉኒ ነው፣ የካናዳን የአንድ ዶላር ሳንቲም እንዲህ ነው የሚሉት። ወደ 7 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ ከሆነ ያው አንድ ዶላር ነው። ሳንቲሙ የካናዳ ባሕር ኃይል 100ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው፣ ለዚሁ መታሰቢያ ለሰብሳቢዎች የወጣ የብር ዶላርም አለ። እሱ ግን ክብ፣ ነጭና ከሉኒው ሰፋ ያለ ስለሆነ አይምታታብሽም።

ማጽዳቱን ግን በፍጹም! እኔ የመጀመሪያውን ሳገኝ በላዩ ላይ ጥቁር ነገር ነበረበት። በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ፈተግኩት። አብረቀረቀ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሳየው ፊቱ በሙሉ በጭረት ተሞልቷል። የመርከቧ ቀጫጭን መስመሮች ደብዝዘዋል። ወርቃማው ቀለም እኮ ከላይ የተለበጠ ስስ ነሐስ ነው፣ ውስጡ ኒኬል ነው። አንዴ የተፋቀ አይመለስም። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ደግሞ የተፈተገ ሳንቲም ገና ሲያየው ያውቀዋል። አቧራ ብቻ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቂው፣ ሳታሺ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረግሽ አድርቂው። ሌላ አትጨምሪበት።

አሁን ደግሞ ምስሉን ተመልከቺው። ከመርከቧ ጋር ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የ1910 ባሕረኛ ነው፣ ሌላዋ የዛሬ ዘመን የባሕር ኃይል ሴት ናት። የካናዳ ባሕር ኃይል በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1910 ነው። የመጀመሪያዎቹ መርከቦቹ ናዮቢና ሬይንቦው ከእንግሊዝ የተገዙ አሮጌዎች ነበሩ። አንዷ በካናዳ ምሥራቅ በኩል ወዳለው ወደብ ሃሊፋክስ ሄደች፣ ሌላዋ በምዕራብ በኩል ወዳለው ኤስኳይሞልት። ያኔ ሴት በባሕር ኃይሉ ቦታ አልነበራትም። የሴቶቹ ክፍል የተቋቋመው በ1942 ነው፣ ያውም የብስ ላይ ለመሥራት። ሁለቱን አንድ ሳንቲም ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው ሁሌም ልቤን ይነካኛል።

ሳንቲሙ ላይ ያለችው መርከብ ሃሊፋክስ ከተባለው ዓይነት የሆነች ፍሪጌት፣ ማለትም የጦር መርከብ ናት። ለእኔ ግን ሳንቲሙ ሁሌ የሚያስታውሰኝ ሌላ መርከብ ነው፣ ሳክቪልን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ካናዳ የነበሯት መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሲያልቅ ባሕር ኃይሉ ወደ 100,000 ሰው ያህል አሰልፎ ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጉት አልተመለሱም። ሳክቪል በአትላንቲክ የጭነት መርከቦችን ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ስትጠብቅ የነበረች ኮርቬት፣ ማለትም ትንሽ የጦር መርከብ ናት። ከ200 በላይ ከተሠሩት ፍላወር የተባለው ዓይነት ኮርቬቶች የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሃሊፋክስ ገብቼ አይቻታለሁ። ውስጧ ጠባብ ነው፣ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። እዚያ ውስጥ በክረምት ማዕበል ሳምንታት ያሳለፉትን ልጆች አስቤ ቃል አጣሁ።

ስለዚህ ለአንድ ዶላር ብለሽ አትሽጪው። አባትሽ ስንት ሉኒ በእጁ ሲያልፍ ይሄንን ለይቶ አስቀምጦታል፣ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። ጠርዙን ብቻ ይዘሽ አንሺው። ለሳንቲም በተሠራ ካርቶን ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አድርጊው። ለስላሳውን ርካሽ ፕላስቲክ ተዪው፣ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይለቅበታል። ሁለቱንም ፊት በቀን ብርሃን ትንሽ አዘንብለሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ላይ አስቀምጪው። ምን ያህል እንዳለቀ አይቼ እነግርሻለሁ።