ከቀዶ ሕክምና በኋላ የገንዘብ እርዳታ ስለመጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን አካባቢ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ቁስልና ስለ መድኃኒት የጠየቃችሁትን ለሐኪሞቻችሁ ትቼ ገንዘብን በሚመለከተው ላይ ብቻ እጽፋለሁ። የጠያቂዎችን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አንድ ጊዜ ብረት ገባለት፤ ቁስሉ ስላመረቀዘ ደግሞ እንደገና ተከፈተ። ያጠራቀምነው ሁሉ አልቋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ለመለመን አፍሬአለሁ። ከማን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው ከመለመንዎ በፊት በሕግ የሚገባችሁን ይጠይቁ። ባለቤትዎ የወደቁት በሥራ ላይ ሳሉ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀዶ ሕክምናውን ጨምሮ የሕክምና ወጪያቸውን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳል። ከዚህም ሌላ መሥራት ባልቻሉበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዛቸው፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ሊከፈላቸው ይገባል። «የቀን ሠራተኛ ነው፤ ውል የለውም» የሚል መልስ ከአሠሪዎች አፍ አይጠፋም፤ ሆኖም የሥራ ውል በቃልም ሊመሠረት ስለሚችል፣ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ምስክርነት፣ የፈረሙበት የክፍያ ወረቀት ፎቶና ሆስፒታል የገቡበት ቀን የሰፈረበት ማስረጃ ዋጋ አላቸው። እነዚህን በአንድ ክላሰር ሰብስበው የሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። መብቱ በይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው የመጠየቂያ ጊዜ በማለፉ፣ ሊታገድ ስለሚችል «እስኪሻለው» ብለው አይቆዩ።

እስከዚያው የሚያስፈልጋችሁን በተመለከተ፣ ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ ኪሳችንን የሚያራቁተው የቀጠሮ ቀን ነው። አሳንሰር በሌለው ብሎክ ሕመምተኛውን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይዘው፣ በየወለሉ እያረፉ የሚያወርዱ ሁለት ወጣቶች ያስፈልጋሉ፤ ከታች ደግሞ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት የኮንትራት መኪና ይጠብቃል፤ ማታ ሲመለሱ ይኸው ሁሉ ወደ ላይ ይደገማል። ስለዚህ ከጎረቤት በመጀመሪያ ይህንኑ ይጠይቁ። «ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴን የሚያወርዱልኝ ሁለት ልጆችና እስከ ሆስፒታል የሚያደርሰን ባለመኪና እፈልጋለሁ» የሚል ሰው እምቢ የሚለው እምብዛም አያጋጥመውም።

ጥያቄ፦ የእድራችን ደንብ ለሞት እንጂ ለሕመም አይከፍልም ይላል። ዳኛውን ብለምነው «ደንብ ነው» አለኝ። ስሞት ሊከፍሉልኝ፣ በሕይወት ሳለሁ ግን አንድ ብር ሊነፍጉኝ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ምሬትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዳኛው ያሉት ትክክል ነው። የእድሩ ሣጥን ነገ ለሚደርሰው ሐዘን የተቀመጠ የሁሉም አባል ገንዘብ ስለሆነ ዳኛውም ሆኑ ገንዘብ ያዡ ስላዘኑ ብቻ ሊከፍቱት አይችሉም። ደንቡን መለወጥ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ በአዲስ አበባም ለታመመ አባል ድጎማ ወይም ብድር የሚሰጡ እድሮች ጥቂት አይደሉም። ማሻሻያው እንዲታይ በጽሑፍ ማመልከት መብትዎ ነው፤ ሆኖም ጉባኤ እስኪጠራ ድረስ የእርስዎ የቤት ኪራይ አይጠብቅምና በዚያ ላይ ብቻ አይተማመኑ።

ሣጥኑ ሳይነካ የሚሆን መንገድ አለ። ወርሃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ አባላቱ በተገኙበት፣ ጉዳዩ ቀርቦ የፈቀደ የሚያዋጣበት ዝርዝር እንዲከፈት መጠየቅ ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ተረቱ ያልነገረን ግን ሎሚውን ማን ቆጥሮ እንደሚያከፋፍል ነው። ይህን ሥራ ታማሚው ራሱ ሊሠራው አይገባም። እድሩ ሦስት ሰዎች መርጦ፣ ገንዘቡ በእነርሱ ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ገብቶ፣ የሰጪው ስምና መጠኑ በመዝገብ ቢሰፍር፣ ሰጪው ልቡ ያርፋል፤ ተቀባዩም በየበሩ ከመቆም ይድናል። በእኛ እድር እንዳየሁት፣ ኮሚቴ የያዘው ጥያቄ ባለጉዳዩ በግሉ እየዞረ ከሚጠይቀው በተሻለ ሁኔታ ይሳካል፤ ምክንያቱም ሰዎች እምቢ ለማለት ከሚያፍሩት ይልቅ ያልታወቀ ነገር ውስጥ ገንዘባቸውን መጣልን ይፈራሉ። የጽዋ ማኅበር ወይም የሰንበቴ አባል ከሆኑም በዚሁ ሥርዓት ያቅርቡ፤ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ የመስጊዱን ኮሚቴ ስለ ዘካ ይጠይቁ፤ ድኾችና ዕዳ የከበዳቸው ሰዎች ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮሚቴው «ጽፈህ አምጣ» ብሎኛል። የወገብ ቀዶ ሕክምና ሁለት ጊዜ ተደርጎልኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አጭር ይሁን። ብዙ ሰው ሕመሙን ከጅምሩ አንስቶ ሦስት ገጽ ይተርክና የሚፈልገውን መጠን ሳይጽፍ ይጨርሳል። እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦

«በዚሁ ሰፈር ነዋሪና የእድሩ አባል ስሆን፣ በወገቤ ላይ በደረሰው ሕመም ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ሐኪሞቼ ለሦስት ወራት ሥራ እንዳልጀምር አዘውኛል። እስካሁን የነበረውን ወጪ በራሴና በወንድሞቼ ሸፍኛለሁ። ያልቻልኩት የፊዚዮቴራፒውንና የሦስት ወር የቤት ኪራይን ሲሆን ድምሩ ይህን ያህል ብር ነው። የሐኪም ማስረጃውና ደረሰኞቹ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛሉ። የምትችሉትን እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ አንባቢው ሊጠይቅ የሚችለው ሁሉ ተመልሷል፦ ምን ሆነ፣ እስከ መቼ፣ ራሱስ ምን አደረገ፣ ምን ቀረው። «እስካሁን በራሴ ሸፍኛለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በተለይ አይተዉት። ገና ያልተገዛ መድኃኒት ወይም ብረት ካለ ፕሮፎርማውን ያያይዙ። የቁስሉን ፎቶ አያያይዙ፤ የሚያየው ሰው ይሰቀቃል እንጂ ስለ ወጪው የሚነግረው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የፋብሪካው ሰዎች «በቶሎ ካልተመለስሽ ቦታሽን እንተካለን» አሉኝ።

መልስ፦ የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው ከሆነ፣ ሕመሙ ከሥራ ጋር ባይያያዝም እንኳ፣ በዚያው አዋጅ መሠረት በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይገባዎታል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ አስቀርተው፣ ተቀባዩን አስፈርመው ይስጡ። እርዳታ የሚያስፈልግዎትን መጠን ሲያሰሉም የሚገባልዎትን ግማሽ ደመወዝ ቀንሰው ያስሉ።

ጥያቄ፦ ገላን ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ የአካባቢው መታወቂያ የለኝም። የጤና መድህንም የለኝም። ከባለቤቴ ጋር ተፋትቼ ሁለት ልጆች ይዤ ነው የመጣሁት። የማሕፀን ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ ወዲህ ልብስ ማጠብ አልቻልኩም። የመንግሥት የድኾች ድጋፍ በሆነው ሴፍቲኔት ውስጥ ልገባ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም ነገር ከመታወቂያው ይጀምራል። ቀድሞ ከኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ መሸኛ አምጥተው አሁን ባሉበት ካልተመዘገቡ፣ የነፃ ሕክምና ደብዳቤም ሆነ የጤና መድህን የሚሰጥዎት አካል አያገኙም። ገላን በኦሮሚያ ክልል ባለው በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ አዲስ አበባ ወረዳ ሄደው ቢጠይቁ ይመልሱዎታል፤ ይህ ለዳር ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያጋጥም እንግልት ነው። የቀዶ ሕክምና ቁስሉ ያልደረቀ ሰው መሸኛ ለማምጣት አውቶቡስ መሳፈር የለበትም፤ የቅርብ ዘመድ በውክልና ያስጨርስልዎት እንደሆነ አስቀድመው በስልክ ያስጠይቁ።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ መክፈል ለማይችሉ ድኾች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለው። ምዝገባው በዓመት ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ስላለው መቼ እንደሚከፈት ካሁኑ ይጠይቁ። ሲታከሙም ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ይሂዱ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሴፍቲኔትን በተመለከተ ግን ብዙ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም። ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ክፍል በዋናነት በዘላቂነት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው በምልመላው ብዙም አይታይም። ለእርስዎ የሚቀርበው የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው፤ የክፍል ኃላፊውን ወይም ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ለደብተርና ለዩኒፎርም ብዙ ጊዜ መንገድ አያጡም። የልጆቹ አባት የመቀለብ ግዴታ በፍቺ እንደማይቋረጥም አይዘንጉ፤ ቀለብ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ «ቲክቶክ ላይ እናውጣው» ትለኛለች። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ ጎፈንድሚ የሚባለውን የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ እከፍታለሁ ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ ቢያደርገው ይሻላል፤ በኢትዮጵያ ባንክ ሒሳብ ከጎፈንድሚ በቀጥታ ገንዘብ ማውጣት ስለማይቻል በእርሱ ስም መከፈቱ ግድ ነው። የምትስማሙባቸውን ነገሮች አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፦ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ፣ መቼ መቼ እንደሚላክ፣ የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ። ቲክቶክ ላይ የወጣ ፎቶ አንዴ ከእጅ ካመለጠ፣ የሌላ ሰው የባንክ ቁጥር ተለጥፎበት ሲዞር ማየት የተለመደ ሆኗል። የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብዎ ቁጥር ቢወጣ ችግር የለውም፤ «ገንዘብ ልልክልዎ ነው፤ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሰው ሲደውል ግን ስልኩን ይዝጉት። ድምፅ ማጉያ በጫነ መኪና እየዞሩ እርዳታ ስለመሰብሰብ ሌሎች ለጠየቁኝም መልሴ ይህ ነው፦ ከሚሰበሰበው ላይ የመኪናው፣ የቀስቃሾቹና የባነሩ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ ለታማሚው የሚተርፈውን አስልተው ይወስኑ፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለቀዶ ሕክምናው የሰጠኝን ገንዘብ አሁን «አበድሬህ ነው» ይላል። ሌላው ዕዳዬ ደግሞ በወር አሥር በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ነው። የተሰበሰበልኝን መዋጮ ለየትኛው ልክፈል?

መልስ፦ መዋጮው የተሰበሰበው ለመድኃኒትና ለኪራይ ተብሎ ከሆነ ኮሚቴውን ሳያስፈቅዱ ለአንዱም አይክፈሉ። ወለዱን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ በወር አሥር በመቶ ግልጽ አራጣ ነው፤ አራጣ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። አበዳሪውን በሽማግሌ ፊት አስቀርበው ዋናውን በየወሩ ለመክፈል ይደራደሩ። ከወንድምዎ ጋር ያለው ግን ሌላ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት ሕጉ ስለሚል ፍርድ ቤት ቢሄዱ ያሸንፉት ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ድል ግን አልመክርዎትም። «አሁን የለኝም፤ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በየወሩ የምችለውን እሰጥሃለሁ» ይበሉት። ወደፊት ግን ገንዘብ ሲቀበሉ እዚያው «ስጦታ ነው ወይስ ብድር?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው የሚያሳፍረው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ካዋጡልኝ ወዲህ ማኪያቶ ስጠጣ እንኳ ያዩኛል። አንዷ «ለመድኃኒት ነበር የሰጠነው» አለችኝ። ቤት ልቆለፍ?

መልስ፦ የመዋጮውን ወጪ በደብተር ይያዙና ደረሰኞቹን በወር አንድ ጊዜ ለኮሚቴው ያሳዩ፤ ከዚያ ያለፈውን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ማኪያቶው በማን ገንዘብ እንደተገዛ መመርመር የጎረቤት ሥራ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምና የተነሣ ሰው ከቤት ወጥቶ ከሰው ጋር መቀመጡን እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። ያቺን ሴት ደግሞ ደብተሩን እንድታይ ይጋብዟት።

ጥያቄ፦ ክራንች መግዛት አቅቶኛል፤ የሚያከራይ አለ?

መልስ፦ በእድራችን መጋዘን ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር ያገገሙ ሰዎች የተዉአቸው ክራንቾች ተቀምጠዋል። ቁመትዎን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሲከፈት የሚስተካከልዎትን አስቀምጥልዎታለሁ። ኪራይ የለውም። ጎማው ካለቀ ግን እርስዎ ይቀይሩታል።